«ለምን አያቆሙም?» እያልኩ ያባከንኳቸው ስድስት ዓመታት



ዛሬ እንደ ወትሮው ስለ ደም ግፊት ወይም ስለ ስኳር አይደለም የምጽፍላችሁ። ስለ አንድ ታካሚዬ፣ ስለ ሲጋራ፣ እንዲሁም እኔ ራሴ በሐኪምነቴ ስለ ሠራሁት ስህተት ነው። ጽሑፉ ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ ብታነቡት ይሻላል። የታካሚዬ ማንነት እንዳይታወቅ አንዳንድ ዝርዝሮችን ቀይሬያለሁ።

እኚህ ሰው ስልሳዎቹን አጋምሰዋል። ጡረታ የወጡ አናጢ ናቸው። የምሠራው ሳን ፍራንሲስኮ አካባቢ ባለ አንድ ክሊኒክ ውስጥ ነው፤ እሳቸውም አብዛኛውን ዕድሜያቸውን የኖሩት እዚያችው ከተማ ነው። ሕመማቸው ሲኦፒዲ የምንለው ነው። የአየር ቧንቧዎች እየጠበቡ፣ የሳምባ ከረጢቶች እየፈረሱ የሚሄዱበት፣ አንድ ፎቅ ደረጃ መውጣት ተራራ የመውጣት ያህል የሚከብድበት በሽታ። ምክንያቱ ግልጽ ነበር፦ በቀን አንድ ፓኮ ሲጋራ፣ ለአርባ ዓመት ያህል።

በየሦስት ወሩ ይመጣሉ። ንግግራችን ሁልጊዜ አንድ ነበር።

«ሲጋራውስ?»

«አለ።»

«ጉዳቱን እያወቁ ለምን አያቆሙም?»

«አቆማለሁ ዶክተር።»

ከዚያ እኔ ኮምፒውተሬ ላይ «ሲጋራ እንዲያቆሙ ተመክረዋል» ብዬ እጽፋለሁ። እሳቸው ኮታቸውን ለብሰው ይወጣሉ። በመስኮት ስመለከት መኪናቸው ጋ ሳይደርሱ ለኩሰዋል። እንዲህ እንዲህ እያልን ስድስት ዓመት ሄደ።

በልቤ ምን እል እንደነበር ልንገራችሁ? «ለራሳቸው ግድ የላቸውም» እል ነበር።

አንድ ቀን ከእሳቸው ቀጥሎ ቀጠሮ የነበረው ታካሚ ቀረ። ጊዜ ተረፈኝ። የተለመደውን ጥያቄ ልጠይቅ አፌን ከፍቼ ራሴን ሰለቸሁትና ሌላ ነገር ጠየቅኋቸው።

«የመጀመሪያዋን ሲጋራ ማን ሰጠዎት?»

ቀና ብለው አዩኝ። ቆየት ብለው መናገር ጀመሩ።

የተወለዱት በመሃል አሜሪካ በምትገኝ ትንሽ የገበሬ ከተማ ነው። በ1980ዎቹ መጀመሪያ፣ 19 ዓመት ሲሆናቸው፣ አባታቸው ልጃቸው የሚወደው ወንድ መሆኑን ደረሱበት። በዚያው ማታ ከቤት አስወጧቸው። አንዲት ቦርሳ ይዘው በአውቶቡስ ሳን ፍራንሲስኮ ገቡ። በከተማዋ የሚያውቁት አንድም ሰው አልነበረም። ካስትሮ የሚባል ሰፈር እንዳለ፣ እዚያም እንደ እሳቸው ያሉ ሰዎች እንደሚኖሩ ብቻ ሰምተዋል። ሰፈሩን አፈላልገው አገኙት። አንድ መጠጥ ቤት በር ላይ ደርሰው መግባት ፈርተው ቆሙ። አንድ ሰው ፓኮውን ዘርግቶ «እንካ» አላቸው።

«ዶክተር» አሉኝ፣ «ከቤቴ ከወጣሁ ጀምሮ ‹እንካ› ያለኝ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነበር።»

ከዚያ በኋላ ኤድስ መጣ። በዚያ ሰፈር ወጣት ወንዶች እንደ ቅጠል የረገፉበት ዘመን ነው። መድኃኒት አልነበረም። ቤተሰብ አልጠይቅ ያላቸውን ጓደኞቻቸውን ያጠቡ፣ ያጎረሱና የቀበሩ እኚህ ሰውና መሰሎቻቸው ናቸው። ከአንዱ አልጋ ወደ ሌላው አልጋ ሲሄዱ ሆስፒታሉ ደጅ ላይ ቆመው የሚያጨሷት ሲጋራ የቀኑ ብቸኛ ዕረፍታቸው ነበረች።

ይህን ሁሉ በስድስት ዓመት ውስጥ አልጠየቅሁም ነበር።

እዚህ ላይ አንዳንዶቻችሁ ፊታችሁን እንደምታጠቁሩ አውቃለሁ። «ዶክተር፣ ዛሬ ደግሞ ምን ውስጥ ገባህ?» የሚሉኝ ይኖራሉ። ክርክር ልከፍት አይደለም የመጣሁት። የታመመ ሰው ክፍሌ ሲገባ መጀመሪያ የማዳምጠው ሳምባውን ነው፤ ሳምባ ደግሞ የማንም ይሁን የማን ሲጋራ የሚያጠፋው በአንድ ዓይነት መንገድ ነው። ከእናንተም መካከል ይህ ታሪክ ከራሱ ሕይወት ጋር የሚመሳሰልበት፣ ለማንም ሳይናገር ዝም ብሎ የሚያነብ ሰው ሊኖር ይችላል። ለእሱም ነው የምጽፈው።

ደግሞም እኔ ራሴ አጭሻለሁ። አዎ፣ እኔ። የሕክምና ተማሪ ሳለሁ፣ ፈተና ሲቃረብ፣ ከግቢው በር ላይ ከጀብሎ አንድ አንድ ፍሬ እየገዛን ከዶርም ጓደኞቼ ጋር እንለኩስ ነበር። ሁለት ዓመት አጨስኩ። እናቴ አንድ ቀን ሸሚዜን ስታጥብ ሸተታት። ምንም አልተናገረችም፤ ማታ እራት አልበላ አለች። እኔም በዚያው ተውኩት። ለብዙ ዓመታት ይህን ታሪክ ለታካሚዎቼ እንደ ጀግንነት ሳወራ ኖሬያለሁ፦ «እኔ በአንድ ሌሊት ነው የተውኩት፤ ቆራጥነት ብቻ ነው የሚፈልገው።» እኚህን ሰው ከሰማሁ በኋላ ግን ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ። እኔ ለእኔ ብላ ጦሟን የምታድር እናት ነበረችኝ። እሳቸው በዚያው ዕድሜ የተዘጋ በር ነበራቸው። የኔን ቆራጥነት ከእሳቸው ጋር ማወዳደር ተገቢ አልነበረም።

በዚያው ቀን ሌላም ነገር ነገሩኝ። በ1990ዎቹ አጋማሽ ሲጋራ ትተው ነበር። ስምንት ወር ሙሉ! አብረዋቸው የሚኖሩትን ሰው ከቀበሩ በኋላ «እኔስ ልኑር» ብለው ነው የተውት። አንድ ማታ ግን ሁልጊዜ የሚሄዱበት መጠጥ ቤት ውስጥ አንዲት ፈገግተኛ ወጣት ፓኮ እየዞረች ታድል ነበር። በነፃ። ላይተርም ጨምራ። የየትኛው ኩባንያ እንደነበረች አያስታውሱም። በማግሥቱ ጠዋት ሁለተኛ ፓኮ ገዙ።

እኔ ያን ማታ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ኮምፒውተሬን ከፈትኩ።

በ1998 የአሜሪካ 46 ግዛቶች ከትልልቆቹ የሲጋራ ኩባንያዎች ጋር ትልቅ ስምምነት ተፈራርመዋል። ኩባንያዎቹ ከሚከፍሉት ገንዘብ በተጨማሪ በክርክሩ ወቅት ያወጧቸውን የውስጥ ሰነዶች ለሕዝብ ክፍት ለማድረግ ተስማሙ። ዛሬ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሰነዶች በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳን ፍራንሲስኮ መዝገብ ቤት ውስጥ ይገኛሉ። ማንም ሰው በስልኩ ገብቶ ማንበብ ይችላል። እኔም ገባሁ።

ያነበብኩትን ልንገራችሁ።

በ1995 ካሜል ሲጋራን የሚያመርተው አር ጄ ሬይኖልድስ ለሳን ፍራንሲስኮ አንድ የሽያጭ ዕቅድ አውጥቷል። ዕቅዱ የሚያነጣጥረው በተለይ በሁለት ወገኖች ላይ ነው። አንደኛው በካስትሮ የሚኖሩት ተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪዎች ናቸው፤ ሁለተኛው ተንደርሎይን በሚባለው ሰፈር ጎዳና ላይ የሚያድሩት ቤት አልባዎች። የዕቅዱ ስም «ፕሮጀክት ስከም» ይባላል። «ንዑስ ባህል» እና «የከተማ ሽያጭ» ከሚሉ የእንግሊዝኛ ቃላት መነሻ ፊደላት የተገጣጠመ ነው። ነገር ግን እንግሊዝኛ የሚያውቅ ሁሉ እንደሚረዳው፣ ስከም ማለት የቆሸሸ ውሃ ላይ የሚንሳፈፍ ግሳንግስ ነው። ለሰው ሲባል ደግሞ «ዝቃጭ» ማለት ነው። በአንዱ ቅጂ ላይ ይህ ስም በብዕር ተሰርዞ በምትኩ ከተማዋ የምትታወቅበት የእርሾ ዳቦ ስም በእጅ ተጽፎበታል። ስሙ ተሰረዘ፤ የሰፈሮቹ ስም ግን አልተሰረዘም።

ታካሚዬን ያገኘቻት ወጣት በዚህ ዕቅድ የተላከች ትሁን አትሁን ማረጋገጥ አልችልም። ማን እንደላካት አላውቅም። ሰፈሩና ዘመኑ ግን አንድ ናቸው።

ነገሩ በአንድ ዕቅድ የተጀመረ እንዳይመስላችሁ። በ1990 አክት አፕ የሚባለው የኤድስ ታጋዮች ድርጅት ማርልቦሮ ሲጋራንና ሚለር ቢራን ማንም እንዳይገዛ ጥሪ አድርጎ ነበር። ምክንያቱ የሲጋራው ጉዳት እንዳይመስላችሁ። የሁለቱ ምርቶች ባለቤት የነበረው ፊሊፕ ሞሪስ፣ የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪዎች ቀንደኛ ተቃዋሚ ለነበሩት ለሴናተር ጄሲ ሄልምስ ገንዘብ ይሰጥ ስለነበር ነው። ሴናተሩ የትምባሆ አምራቿ የኖርዝ ካሮላይና ተወካይ ነበሩ። በ1991 ፊሊፕ ሞሪስ ለኤድስ ሥራ የሚሰጠውን እርዳታ እንደሚጨምር ቃል ገባ፤ ማዕቀቡም ተነሣ። በ1992 ደግሞ የዚሁ ኩባንያ ቤንሰን ኤንድ ሄጅስ ሲጋራ ለእነዚሁ ሰዎች በሚታተም አንድ መጽሔት ላይ ማስታወቂያ ይዞ ብቅ አለ።

እስቲ በዚያ ዘመን በነበረ ሰው ቦታ ሆናችሁ አስቡት። ቤተሰብ አባሮሃል። አከራይ አያከራይህም። ብዙ ድርጅት ስሙ ከስምህ ጋር እንዳይነሣ ይሸሻል። አንድ ትልቅ ኩባንያ ግን መጽሔትህ ላይ ማስታወቂያ ያወጣል፤ ለበዓልህ ገንዘብ ይሰጣል፤ መጠጥ ቤትህ ድረስ መጥቶ በነፃ ያድልሃል። «ሰው ቆጠረን» ብለህ ብትደሰት ይፈረድብሃል? ብዙዎች የተደሰቱት ለዚህ ነው። የማኅበረሰቡ ድርጅቶችም ገንዘቡን እየተቀበሉ ስለ ሲጋራ ዝም ያሉበት ጊዜ ነበር። የሚረዳ እጅ ሲጠፋ የተዘረጋውን እጅ አይመርጡም።

ውጤቱ እስከ ዛሬ አለ። በአሜሪካ በ1965 ከአዋቂዎች 42 በመቶ ያህሉ ያጨሱ ነበር። ዛሬ ቁጥሩ በጣም ወርዷል። በ2021 በተሰበሰበው አገር አቀፍ መረጃ ግን ከተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪዎችና ለሁለቱም ፆታ ፍቅር ካላቸው አዋቂዎች 15.3 በመቶው ሲያጨሱ፣ ከሌላው ሕዝብ የሚያጨሰው 11.4 በመቶ ነው። በተለይ ለሁለቱም ፆታ ፍቅር ያላቸው ሴቶች ከሌሎች ሴቶች በብዙ ይበልጣሉ። በተፈጥሯቸው ሲጋራ የሚወዱ ሆነው አይደለም። መገለል፣ ፍርሃት፣ ከቤተሰብ መቆረጥ፣ የመገናኛ ቦታቸው መጠጥ ቤት ብቻ ሆኖ መኖሩ፣ በዚህ ሁሉ ላይ ደግሞ ለእነሱ ተብሎ የተሰናዳ ሽያጭ አንድ ላይ ሲደመሩ የሚያመጡት ነው።

እንዲህ ያለ ሽያጭ የደረሰው በእነሱ ላይ ብቻ አይደለም። እዚሁ አሜሪካ የጥቁሮች ሰፈሮች ለአሥርተ ዓመታት በሜንቶል ሲጋራ ማስታወቂያ ሲጥለቀለቁ ኖረዋል። ሜንቶል ጉሮሮን ያቀዘቅዛል፤ ጭሱ እንዳይቆጠቁጥ ያደርጋል። ሰው ጭሱን ወደ ውስጥ አጥልቆ ይስባል፤ መተውም ይከብደዋል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በ2022 ሜንቶልን ለማገድ ሐሳብ አቅርቦ ነበር፤ በጃንዋሪ 2025 ሐሳቡ ተሰርዟል። አዲስ የመጡ ልጆቻችን የሚገቡት በእነዚሁ ሰፈሮች፣ በእነዚሁ ሱቆች ነው።

አገር ቤትም ቢሆን ነገሩ ሩቅ አይደለም። ሀብታሞቹ አገሮች ሲጋራ እየተዉ ሲሄዱ ኩባንያዎቹ ዓይናቸውን ወደ አፍሪካ አዙረዋል። በ2016 የጃፓኑ ጃፓን ቶባኮ የኢትዮጵያን ብሔራዊ ትምባሆ ድርጅት 40 በመቶ ድርሻ በ510 ሚሊዮን ዶላር ገዛ፤ በቀጣዩ ዓመት ድርሻውን አሳድጎ ዋናው ባለቤት ሆነ። በአንጻሩ በ2019 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 የትምባሆ ማስታወቂያን ይከለክላል፤ ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው መሸጥንም ያግዳል። ጥሩ ሕግ ነው። ሕግ ግን ብቸኝነትን አይከለክልም። ሻጭ ደግሞ የሚፈልገው ብቸኛውን ሰው ነው።

አሁን ትንሽ ሕክምና ላውራችሁ። «ሲጋራ ጭንቀቴን ያቀልልኛል» የሚሉ ብዙ ናችሁ። ስሜቱ እውነት ነው፤ ምክንያቱ ግን የምታስቡት አይደለም። ኒኮቲን በሴኮንዶች ውስጥ አንጎል ይደርስና ደስ የሚል ስሜት ይለቃል። ከአንድና ከሁለት ሰዓት በኋላ መጠኑ ሲወርድ መቁነጥነጥ፣ መበሳጨት፣ ሐሳብ መበታተን ይመጣል። ቀጣዩዋ ሲጋራ ያንን ስታስታግስ «አረጋጋችኝ» እንላለን። ቤታችሁን ራሱ ለኩሶ ባልዲ ውሃ ይዞ የሚሮጥ ጎረቤት እንደ ማለት ነው። ጥናቶች በተደጋጋሚ እንዳሳዩት ሲጋራ የተዉ ሰዎች ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ጭንቀታቸውም ድብርታቸውም ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም።

ወደ ታካሚዬ ልመለስ።

ያነበብኩትን ልንገራቸው ወይስ ልተው ብዬ ብዙ አመነታሁ። የቆሰለ ቦታ መንካት መሰለኝ። በሚቀጥለው ቀጠሮ ግን ገጹን አትሜ ጠበቅኋቸው። «ይህን ማንበብ አለብዎት ብዬ አይደለም፤ ከፈለጉ ብቻ» ብዬ ሰጠኋቸው።

መነጽራቸውን አድርገው አነበቡ። ሳቁ። ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠ፤ ሳሉ ቶሎ አልተዋቸውም። ውሃ ሰጠኋቸው።

«በዚያ ዘመን ያልተሰደብነው ስድብ የለም» አሉ ትንፋሻቸው ሲመለስ። «አባቴ ምን እንዳለኝ አልነግርህም። ግን እነዚህ… እነዚህኮ ‹እንኳን ደህና መጣህ› ያሉኝ ነበሩ።»

ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። ወጡ። በመስኮት ስመለከት፣ መኪናቸው ጋ ሳይደርሱ ለኩሰዋል።

አልዋሻችሁም፣ ተስፋ ቆረጥኩ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ግን ክሊኒኩ ደውለው መልእክት አስቀመጡልኝ፦ «መድኃኒቱን ልሞክረው።»

ቫሬኒክሊን የሚባለውን ክኒንና የኒኮቲን ፓች አዘዝኩላቸው። ነርሳችን በየሳምንቱ ትደውልላቸው ነበር። እሳቸውም በሰፈራቸው ባለ አንድ ማዕከል፣ የሚያውቁትን ዘመን አብረዋቸው ያለፉ ሰዎች ያሉበት የማቆሚያ ቡድን ገቡ። አንድ ወር ከአሥር ቀን ቆዩ። ከዚያ የአንድ ወዳጃቸው ቀብር ላይ አጨሱና ተመለሱበት። በሚቀጥለው ቀጠሮ አንገታቸውን ደፍተው ገቡ። የድሮው እኔ ብሆን «ይኸው፣ አላልኩዎትም?» እል ነበር። በዚህ ጊዜ ግን «አርባ ቀን ማለት ቀላል አይደለም፤ እንደገና እንጀምር» አልኳቸው። ሁለተኛውም ሙከራ ከሸፈ። ሦስተኛው ያዘ። ዛሬ ሁለት ዓመት ሊሞላቸው ነው።

የፈረሰው ሳምባቸው አልተመለሰም፤ አይመለስምም። ደረጃ ሲወጡ አሁንም መሃል ላይ ያርፋሉ። ነገር ግን የመበላሸት ፍጥነቱ ቀንሷል፤ ባለፈው ክረምት እንደ ቀድሞው ሆስፒታል አልተኙም። ያ ስድስት ዓመት ግን ይቆጨኛል። ጥያቄዬን በመጀመሪያው ዓመት ቀይሬው ቢሆን ዛሬ ደረጃውን ሳያርፉ ይወጡ ይሆን? ይህን ጥያቄ ይዤው እኖራለሁ።

አንድ ሌላ ነገር ጨምሬ ወደ ምክሩ ልግባ። በቅርቡ አንዲት የአገራችን ልጅ ከእናቷ ጋር መጣች። ሳል ነው የያዛት። «ታጨሻለሽ?» አልኳት። እናቷ ቀድማ «ኧረ በስመአብ! የኔ ልጅ?» አለች። ልጅቷም «አላጨስም» አለችኝ፣ ዓይኗን ከወለሉ ሳታነሣ። ጃኬቷ ግን ሌላ ይናገር ነበር። እናትየውን በትሕትና ውጭ እንዲጠብቁን ለመንኳቸው። በሩ ሲዘጋ ልጅቷ አለቀሰች። ሦስት ዓመቷ ነው፤ ቬፕ ነው የጀመረችው፣ ከዚያ ሲጋራ። ማንም አያውቅም። መተው ፈልጋለች፤ ለመተው ግን መጀመሪያ ማጨሷን ለሰው መናገር አለባት። እፍረት የሚሠራው እንዲህ ነው። ማጨስን አያስቆምም፤ እርዳታ መጠየቅን ነው የሚያስቆመው። ያንን የሳን ፍራንሲስኮ ሽማግሌም ያቺንም ልጅ ያየሁት በአንድ ወንበር ላይ ነው።

ስለዚህ ውድ ተከታታዮቼ፣

ለምታጨሱ፦

• መጀመሪያ ራሳችሁን «ለምን አልተውም?» ብላችሁ አትጠይቁ። «መቼ ጀመርኩ? ማን ሰጠኝ? የምለኩሰው ምን ሲሰማኝ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱን በወረቀት ጻፉት።

• ብቻችሁን አትሞክሩት። የኒኮቲን ፓች፣ ማስቲካ፣ ቫሬኒክሊን፣ ቡፕሮፒዮን የሚባሉ መድኃኒቶች የመተው ዕድላችሁን በግልጽ ይጨምራሉ። ለእናንተ የትኛው እንደሚስማማ ሐኪማችሁ ይወስን። መድኃኒትና ምክር አንድ ላይ ሲሆኑ ውጤታቸው ይበልጣል።

• ወድቃችሁ ከተመለሳችሁበት አልተሸነፋችሁም። አብዛኛው ሰው የሚተወው ከብዙ ሙከራ በኋላ ነው።

• መቼም ብትተዉ ይጠቅማል። በአንድና በሁለት ቀን ውስጥ ካርቦን ሞኖክሳይዱ ከደማችሁ ይወጣል። በአንድ ዓመት ውስጥ ሲጋራ በልብ ላይ የጨመረው አደጋ በግማሽ ያህል ይቀንሳል። በአሥር ዓመት በሳምባ ካንሰር የመሞት አደጋ ከሚያጨስ ሰው ጋር ሲነጻጸር ግማሽ ያህል ይሆናል።

• ከኤችአይቪ ጋር የምትኖሩና መድኃኒታችሁን በአግባቡ የምትወስዱ ከሆነ ይህን ልብ በሉ፦ በሚገባ ለሚታከም ሰው ዛሬ ከቫይረሱ ይልቅ ዕድሜ የሚያሳጥረው ሲጋራው ነው። ያንን አሸንፋችሁ በዚህ አትሸነፉ።

• አሜሪካ ያላችሁ በ1-800-784-8669 በነፃ መደወል ትችላላችሁ፤ እንግሊዝኛ ከከበዳችሁ አስተርጓሚ ጠይቁ። ዕድሜያችሁ ከ50 እስከ 80 ከሆነ፣ በቀን አንድ ፓኮ ለ20 ዓመት ያህል ካጨሳችሁ፣ አሁንም ካላቆማችሁ ወይም ካቆማችሁ 15 ዓመት ካልሞላችሁ፣ በየዓመቱ በአነስተኛ ጨረር የሚደረግ የሳምባ ሲቲ ስካን እንደሚገባችሁ ለሐኪማችሁ ንገሩ።

የሚያጨስ ሰው በቤታችሁ ላላችሁ፦

• ስድብና ማስፈራራት ለመደበቅ ያስተምራሉ። የሚደበቅ ሰው ደግሞ ብቻውን ነው፤ ብቻውን የሆነ ሰው ጓደኛው ሲጋራ ነው።

• ልጃችሁ አንድ የማትወዱት ነገር ቢነግራችሁ፣ ምንም ይሁን ምን፣ በሩን አትዝጉበት። የምትዘጉት በር ውጭ ላይ ፓኮውን ዘርግቶ የሚጠብቅ አለ። ይህን እንደ ሐኪም ነው የምነግራችሁ፤ ከአርባ ዓመት በኋላ ሳምባውን የማዳምጠው እኔ ነኝ።

የሙያ ባልደረቦቼ፣ እናንተም «ሲጋራ እንዲያቆሙ ተመክረዋል» ብላችሁ ከመጻፋችሁ በፊት አንዲት ጥያቄ ጨምሩ። አምስት ደቂቃ ነው የሚፈጀው። እኔን ስድስት ዓመት ፈጅቶብኛል።

ባለፈው ወር ታካሚዬ ሲመጡ ደረታቸውን አዳምጬ ስጨርስ «ዶክተር፣ ዛሬ አልጠየቅኸኝም» አሉኝ።

«ምኑን?»

«ሲጋራውን ነዋ።»

«ሲጋራውስ?» አልኳቸው።

«የለም» አሉ። ኮታቸውን ለብሰው ወጡ። ልማድ ሆኖብኝ በመስኮት ተመለከትኩ። መኪናቸው ጋ ደርሰው ቆሙ፤ ትንሽ አረፉ፤ በሩን ከፍተው ገቡ።

ይህ ጽሑፍ ይጠቅመዋል ለምትሉት ሰው አጋሩት። ጥያቄ ካላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ በግል የምትጽፉልኝ በግል ይቀራል።

መልካም ጤንነት!